ሁለት ወረቀት ተሰጠን፤ የወረዳችን የቱ ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው በሰሜን ሸዋ ዞን ሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ እነዋሪ ነው። በ2013 ምርጫ ሁለት ወረቀት ሰጡኝ፤ ሁለቱም ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ፤ ልዩነቱን ግን ያስረዳኝ የለም። አሁንም እጩዎች መንገድና ውሃ እናመጣለን ይላሉ። የወረዳ አስተዳዳሪያችንንና የቀበሌ ሊቀመንበራችንን የምንመርጠው በየትኛው ወረቀት ነው? ማንን ምን ልጠይቅ?»

አጭሩ መልስ፦ በሁለቱም አይደለም። አንዱ ወረቀት አዲስ አበባ ለሚሰበሰበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሌላው ባሕር ዳር ለሚሰበሰበው የአማራ ክልል ምክር ቤት ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት አካባቢያዊ ምርጫ በሚባል ራሱን በቻለ ምርጫ ሲሆን፣ ይህ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነበር። 5 ዓመቱ ሞልቶ በ2010 እንደገና መደረግ ሲገባው ተራዘመ፤ በ2011ም ዳግም ተራዘመ። ነገሩ ምን ያህል እንደቆየ በዕድሜ ቢያሰሉት ይታያል፦ በ2018 30 ዓመት የሞላው የጅሩ ልጅ በ2005 ገና 17 ዓመቱ ነበር። ለወረዳው ምክር ቤት አንድም ቀን ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም ማለት ነው።

ስለዚህ የወረዳ አስተዳዳሪዎን በቀጥታ የሚመርጡበት ወረቀት በእጅዎ አይገባም። የወረዳዎ ጉዳይ ዞሮ የሚወሰንበት ወረቀት ግን አለ፤ እሱም የክልል ምክር ቤቱ ነው። ብዙ መራጭ ሐሳቡን ሁሉ ለፌዴራሉ ወረቀት ሰጥቶ የክልሉን እንደ ምራቂ ያየዋል። በእኔ እምነት በሰሜን ሸዋ ከሚሠሩ የምርጫ ስህተቶች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ለምን እንደሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ግን ሰው የሚያምታቱ ሁለት ስሞች አሉ። «ክልል» እና «የምርጫ ክልል» አንድ አይደሉም። ክልል ሲባል አማራ ክልል ነው፤ የምርጫ ክልል ማለት ግን አንድ የፓርላማ ወንበር የሚወዳደሩበት አካባቢ ነው። ተወካዮች ምክር ቤት ካለው 547 ወንበር የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው፤ ክልላችን በ138 የምርጫ ክልሎች ተከፍሏል ማለት ነው። ስለዚህ የምርጫ አስፈጻሚው «የምርጫ ክልል ቢሮ ሂዱ» ሲልዎ ባሕር ዳር ሂዱ ማለቱ አይደለም። ሁለተኛው፣ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነው የእኛው፣ ሌላው መቀመጫው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያው። የምርጫ ማስታወቂያ ወይም የውጤት ሰንጠረዥ ሲያዩ ዞኑን ብቻ አይተው አይለፉ፤ ክልሉንም ይመልከቱ። የፍቼን ዞን ዝርዝር የራሱ መስሎት ስሙን ፈልጎ ያጣ ሰው ከምዝገባ ተሰርዣለሁ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል።

አሁን ወደ ክልሉ ወረቀት። በዚያ ወረቀት የሚመረጡት ሰዎች ተሰብስበው የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር ይመርጣሉ። የሰሜን ሸዋ ዞን ዋና አስተዳዳሪ የሚሾመው ደግሞ ከዚያ ወገን ነው፤ ምክንያቱም በክልላችን ምክር ቤት ያላቸው ዞኖች እንደ አዊ፣ ዋግ ኽምራና ኦሮሞ ያሉት የብሔረሰብ ዞኖች ናቸው። ሰሜን ሸዋ የራሱ ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ መንግሥት እጅ ነው። ለዞኑ አስተዳደር ድምፅ የሚሰጥ የለም፤ የሚጠይቀውም ከላይ ያለው ክልል ነው። ዞኑ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው በሕጋዊ መንገድ ሊጠይቅ የሚችለው ተመራጭ ያው የክልል ምክር ቤት አባሉ ነው።

ዳኞችም አሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የክልል ጠቅላይ፣ ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኞች የሚሾሙት በክልሉ ምክር ቤት ነው። የድንበር ክርክርዎን፣ የውርስ ጉዳይዎን የሚያየው የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ሹመቱን ያገኘው በዚያ ጉባኤ ነው። መሬትም እንዲሁ ነው፤ የፌዴራል መንግሥት አጠቃላይ ሕጉን ያወጣል፤ ለምሳሌ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ 1324/2016። መሬቱን የሚያስተዳድረው ግን ክልል ነው፤ የክልሉም አዋጅ 252/2009 የይዞታ ደብተሩን፣ የኪራዩን፣ የውርሱን ዝርዝር ይዟል። ለገበሬ ከዚህ የሚበልጥ ሕግ የለም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚልኩት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ የፌዴራል ድጎማ ለክልሎች የሚከፋፈልበትን ቀመር ያወጣል። ስለዚህ የክልሉን ወረቀት ሲያጥፉ፣ ክልሉ ከፌዴራል ስንት እንደሚደርሰው ለሚከራከሩት ሰዎችም መንገድ እየጠረጉ ነው። ክልሉ የደረሰውን ገንዘብ በራሱ ቀመር ለወረዳዎች ያወርዳል፤ ሞረትና ጅሩም ድርሻውን የሚያገኘው በዚያ ነው።

በጀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእጩዎች ተስፋ የሚፈተነው እዚህ ነውና። የወረዳ በጀት ሁለት ቤት አለው፦ መደበኛና ካፒታል። መደበኛው ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ነው፤ የመምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያው ደመወዝ የሚወጣው ከወረዳ ስለሆነ የበጀቱን አብላጫ ይበላል። ካፒታሉ አዲስ ግንባታ የሚሠራበት ነው፤ በአብዛኛው የገጠር ወረዳ ትንሽ ነው። ስለዚህ ወረዳ በራሱ ገንዘብ የጠጠር መንገድ ዘርግቶ ድልድይ ሊሠራ አይችልም፤ ወይ ክልል ይጨምርበታል፣ ወይ ፕሮግራም ይመጣለታል፣ ወይ ሕዝቡ በጉልበትና በገንዘብ ያዋጣል። «ለወረዳችሁ መንገድ እሠራለሁ» ያለ እጩ ይህን ካላነሳ፣ ወይ አያውቀውም ወይ ሊነግርዎ አልፈለገም።

ማን የት እንደሚጠየቅ ለማወቅ የመሥሪያ ቤቱን ስም ማየት ይበቃል። በወረዳ ያለው «ጽሕፈት ቤት» ይባላል፣ በዞን ያለው «መምሪያ»፣ በክልል ያለው «ቢሮ»፣ በፌዴራል ያለው «ሚኒስቴር»። ጉዳይዎ ከውሃ ጽሕፈት ቤት ወደ ውሃ መምሪያ ተላከ ካሉዎ ከእነዋሪ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ገባ ማለት ነው። የቀበሌውን ሹም ሕዝቡ ከገበሬ ማኅበር ዘመን ጀምሮ ሊቀመንበር ይለዋል፤ በሕጉ ስሙ የቀበሌ ዋና አስተዳዳሪ ነው፤ የሚመርጠውም የቀበሌው ምክር ቤት ነው። ጎኑ ያለው የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ግን ተቀጣሪ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በምርጫ አይመጣም፣ በምርጫም አይሄድም። መታወቂያና ማስረጃ ሲዘገይብዎ ይህን ልዩነት ያስታውሱ።

አሁን የጠየቁትን ሁለት ነገር በየቤቱ እናስቀምጠው።

ውሃ። ምንጭ ማጎልበትና በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ በወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት አቅም ሊሠራ ይችላል። ጥልቅ ጉድጓድ ግን የመቆፈሪያ ማሽን፣ የከርሰ ምድር ጥናት፣ ፓምፕና ጀነሬተር ወይም የመብራት መስመር ስለሚፈልግ ከክልል ወይም ከፕሮግራም ገንዘብ ካልመጣ አይሆንም። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ውሃው ይወጣል፣ የምረቃ ሪባን ይቆረጣል፤ የመብራቱ ጉዳይ የሌላ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ፓምፑ ሳይሠራ ይከርማል። በእጅ የሚሠራው አፍሪዴቭ ፓምፕ ደግሞ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ባለች የጎማ ማሸጊያ ነው፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ መለዋወጫው ግን በቅርብ አይገኝም፣ የውሃ ኮሚቴውም ያጠራቀመው ገንዘብ የለውም። ስለዚህ «ውሃ አመጣለሁ» ላለ ሰው ትክክለኛው ጥያቄ «አዲስ ትቆፍራለህ?» የሚለው አይደለም። «የቆሙትን ስንቱን ታስነሳለህ፣ መለዋወጫው ከየት ይመጣል፣ የመብራት መስመሩንስ ከማን ጋር ትነጋገራለህ?» የሚለው ነው።

መንገድ። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አልፎ ወደ ደሴ የሚሄደው ዋና መንገድ የፌዴራሉ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፤ የዚያ ጉዳይ የፓርላማ እጩ ጉዳይ ነው። ቀበሌን ከቀበሌ፣ ቀበሌን ከወረዳ ከተማ የሚያገናኘው የገጠር መንገድ ግን የክልልና የወረዳ ነው። በጅሩ መረሬ አፈር ላይ ይህ ልዩነት ሐምሌና ነሐሴ ይመጣል፤ ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጠጠር ብቻ የተነሰነሰበት መንገድ በሁለት ክረምት ውስጥ በጭቃው ይዋጣል። በመረሬ ላይ የሚቆይ መንገድ ከሥሩ ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ወጥቶ ሌላ አፈር የተሞላለት፣ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ቱቦና የውሃ ቦይ በግራ ቀኝ ያለው ነው። እጩው «ጠጠር እናለብሳለን» ካለ «ቱቦውስ? ቦዩስ?» ብለው ይጠይቁት። ሰንጋ ጭኖ ለገበያ የሚወጣ መኪና በክረምት እንዳይቆም የሚያደርገው ያ ነው።

መብራትና ስልክ የፌዴራል ተቋማት ናቸው፤ የክልል እጩ ትራንስፎርመር አስገባለሁ ቢል ሊያደርግ የሚችለው መጠየቅ ብቻ ነው። ማዳበሪያ ከሁለቱም ይነካል፤ ግዢውና ከውጭ ማስገባቱ የፌዴራል ነው፤ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ከዚያ ወደ ገበሬው የሚደርስበት ስርጭት የክልል፣ የዞንና የወረዳ ነው። ማዳበሪያ በሰዓቱ ካልመጣ የፓርላማውን ሰው፣ መጋዘን ደርሶ ካልተከፋፈለ የክልሉን ሰው ይጠይቁ።

ከእጩ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኙ ጥያቄውን አጭርና መልስ የማያመልጥበት ያድርጉት። ለምሳሌ በእነዋሪ ገበያ ቀን የቆመ የክልል ምክር ቤት እጩ ቢያገኙ እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ «ወንድሜ፣ ይህ መንገድ በየትኛው ቢሮ በጀት ነው የሚሠራው? የሚቀጥለው በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ነው ወይስ ለኋላው?» መልሱን እዚያው በወረቀት ላይ፣ ከቀኑና ከስሙ ጋር ይጻፉት። ከሁለት ሰው ጋር ሆነው ቢጠይቁት ይሻላል፤ ያኔ ምስክር አለዎት፣ እሱም በጥንቃቄ ይናገራል።

እጩ ብቻ ጠብቀው እንዳይቀመጡ። ጥያቄዎን ከምርጫው ጎን ለጎን በመሥሪያ ቤት በኩልም ያስገቡት፤ አዲስ ተመራጭ ሲመጣ ከዜሮ እንዳይጀምሩ። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የቀበሌው ስም፣ የጎጡ ስም፣ ተጠቃሚው ስንት አባወራ እንደሆነ፣ አሁን ውሃ የሚቀዳው ከየት እንደሆነና በእግር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ሕዝቡ በጉልበት ወይም በገንዘብ ምን እንደሚያዋጣ። የመጨረሻዋ ነጥብ ክብደት አላት፤ ወረዳው ጥያቄዎችን ሲያወዳድር ሕዝቡ ያዋጣበትን ያስቀድማል። ነዋሪዎች ይፈርሙ፤ መጻፍ የማይችሉ በጣት አሻራ። ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ሰጥተው፣ በእርስዎ ቅጂ ላይ ማህተም፣ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስመቱ። የገቢ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልገባ ይቆጠራል፤ «ጠፋ» ሲሉዎ የሚያሳዩት ነገር የለም። ጊዜውም ወሳኝ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር እቅድ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው፤ በመስከረም የገባ ጥያቄ ለቀጣዩ ዓመት የተጻፈ ነው። የምርጫው ወሬ ሞቅ ብሎ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ስብሰባ አደባባይ ሲያዞር፣ የበጀት እቅዱ በዝምታ በቢሮ ውስጥ ይዘጋል።

አሁን ስለ ምርጫው ራሱ፤ ያለ ካርድ ይህ ሁሉ ባዶ ነውና።

ምርጫው በአዋጅ 1162/2011 ይመራል። ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ፣ 18 ዓመት የሞላዎትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖሩ መሆን አለብዎት። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቤተሰቡ ጅሩ ያለ፣ እሱ ግን ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የሚሠራ ወጣት ክረምት ላይ መጥቶ እቤት የተመዘገበ ይመስለዋል። የምዝገባ ቦታ አሁን የሚኖሩበት ነው፤ በሁለት ቦታ መመዝገብ ደግሞ ወንጀል ነው። አባት ለልጁ፣ ባል ለሚስቱ ካርድ አያወጣም። መታወቂያ ይዘው ይሂዱ፤ ስምዎ፣ የአባትዎና የአያትዎ ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው በካርዱም በመዝገቡም እኩል መጻፉን እዚያው ቆመው ያንብቡ። «ወልደ» እና «ወ/» ብቻ ቢለያዩ እንኳ ያስተካክሉ፤ በድምፅ መስጫው ቀን በሰልፍ መካከል ከመከራከር ያድናል። የመራጮች መዝገብ በጣቢያው ለሕዝብ ይፋ የሚደረግበት ጊዜ አለ፤ ያን ቀን ሄደው ስምዎን ይዩ፤ የሞተ ወይም ከአካባቢው የሄደ ሰው ስም ካለም ያሳውቁ።

ካርዱን ለማንም አደራ አይስጡ። ለቀበሌም ቢሆን፣ ለልማት ቡድን መሪም ቢሆን፣ «እኛ እናስቀምጥልዎ» ላለ ሁሉ። ካርድ መሰብሰብም መግዛትም በሕግ የተከለከለ ነው። በተለይ ሴፍቲኔት ባለባቸው ወረዳዎች፣ በማዳበሪያ ወረፋ፣ በብድር ዝርዝር ላይ ካርድ አሳዩ የሚል ሰው ከመጣ ያ ጥያቄ ሕጋዊ መሠረት የለውም፤ እርዳታና አገልግሎት ከድምፅ ጋር አይያያዝም።

ዞኑ ካለበት የጸጥታ ሁኔታ የተነሳ የምርጫ ጣቢያ ቦታ ሊቀየር ወይም ሊዘጋ ይችላል። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ጣቢያዎ የት እንደሆነ ደግመው ያረጋግጡ፤ መረጃውንም ከምርጫ ቦርድ ማስታወቂያ እንጂ ከስልክ ወሬ አይውሰዱ። ለተፈናቃዮች፣ ለተማሪዎችና በካምፕ ላሉ የሠራዊት አባላት ልዩ የምርጫ ጣቢያ የሚቋቋምበት አሠራር በሕጉ ስላለ፣ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ መጠለያ ያለ ዘመድ ካለዎት ይህን ይንገሩት።

የምረጡኝ ቅስቀሳ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን 4 ቀን ቀደም ብሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚዞር ሕግ እየጣሰ ነው። በቅስቀሳው ዘመንም ቢሆን የመንግሥት መኪና፣ የመንግሥት አዳራሽ ለአንድ ወገን ብቻ፣ የሠራተኛ የሥራ ሰዓት ለፓርቲ ሥራ ማዋል ክልክል ነው። «ለልማት ስብሰባ» ተብሎ ተጠርቶ ቅስቀሳ የሆነ ስብሰባ፣ ወይም የመንግሥት ሰሌዳ ያለው መኪና የፓርቲ ባነር ሲጭን ካዩ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሰሌዳ ቁጥሩንና አብሮዎት የነበረውን ሰው ስም ይጻፉ። ቁጥርና ቀን የሌለው ክስ የትም አይደርስም።

ድምፅ የሚሰጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ መዝጊያው ሲደርስ ሰልፍ ላይ ያሉ ይመርጣሉ እንጂ አይመለሱም። ሁለቱን ወረቀቶች ሲቀበሉ መጀመሪያ ራስጌውን ያንብቡ፦ የትኛው የተወካዮች፣ የትኛው የክልል ምክር ቤት እንደሆነ ተጽፎበታል፤ በእያንዳንዱ ላይ ስንት እጩ እንደሚመረጥም ወረቀቱ ራሱ ይነግርዎታል። የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ ከመረጡት ምልክት ጎን ባለው ሳጥን ውስጥ ብቻ ያድርጉ። ድምፅ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው፤ ከተፈቀደው በላይ ምልክት በማድረግ፣ ምልክቱ በሁለት ሳጥን መሐል በማረፍ፣ ስም ወይም ፊርማ በመጻፍ። ሰው ለመተማመን ብሎ ይፈርማል፤ ፊርማው ግን የማንነት ምልክት ስለሚሆን ወረቀቱን ይጥለዋል። ከተሳሳቱ ሳጥን ውስጥ ሳይከቱ ለአስፈጻሚው አሳይተው ሌላ ይጠይቁ። ቀለም የነካው ጣት ወረቀቱን እንዳያበላሽ ያድርቁት፤ ሁለቱን ወረቀቶች በየሳጥናቸው ይክተቱ። ዓይነ ስውር ወይም አቅመ ደካማ የሚያምኑትን ረዳት ይዘው መግባት ይችላሉ፤ ረዳቱ ግን የፓርቲ ወኪል ወይም እጩ መሆን የለበትም።

አሸናፊው የሚለየው በአብላጫ ድምፅ ነው። ከግማሽ በላይ ማግኘት ግድ አይደለም። በአንድ የምርጫ ክልል ሦስት እጩ ቀርበው 400፣ 350 እና 250 ድምፅ ቢያገኙ 400 ያገኘው ያሸንፋል፤ 600 ሰው ሌላ ቢፈልግም። ለዚህ ነው ትንሽ የሚመስል የድምፅ ልዩነት በአንድ ቀበሌ ሊወስን የሚችለው።

ቆጠራው እዚያው ጣቢያ ላይ፣ ድምፅ መስጠቱ እንዳበቃ ይደረጋል፤ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት። የውጤት ቅጹ ተሞልቶና ተፈርሞ በጣቢያው በር ይለጠፋል። በማግስቱ ጠዋት ሂዱና አንብቡት። በቅጹ ላይ የተመዘገበው መራጭ፣ የተሰጠው ወረቀት፣ የተበላሸው፣ ለእያንዳንዱ እጩ የወጣው ድምፅ አለ። ለእጩዎች የወጣው ድምፅና የተበላሸው ተደምሮ ከሳጥን ከወጣው ወረቀት ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። ቁጥሩን በወረቀት ገልብጠው ያስቀምጡ፤ በኋላ በምርጫ ክልል ደረጃ ከሚወጣው ጋር ማነጻጸር የሚቻለው ያ ካለ ነው።

ቅሬታ ካለ በቃል አያልፉት። መጀመሪያ በጽሑፍ ለምርጫ ጣቢያው አቤቱታ ሰሚ፣ ካልረኩ ለምርጫ ክልሉ፣ ከዚያ ለቦርዱና ለፍርድ ቤት ነው። የጊዜ ገደቡ አጭር ነው፤ በሰዓታትና በጥቂት ቀናት የሚቆጠር እንጂ ሳምንታት የሚጠበቅበት አይደለም። ብዙ ትክክለኛ አቤቱታ የሚወድቀው ማስረጃ ስላነሰው ሳይሆን ስለዘገየ ነው።

ከ2013 ምርጫ በኋላ አዲሱ የተወካዮች ምክር ቤት የተሰየመው መስከረም 24 ቀን 2014 ነበር። ከድምፅ መስጫው ቀን እስከዚያ ያሉት ሳምንታት ተመራጩ ገና በአካባቢው ያለበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የተወካዮች ምክር ቤት ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፣ በመሐል የአንድ ወር ዕረፍት አለው፤ ተወካይዎን በአካባቢው ለማግኘት ያ ወርና ክረምቱ የተሻሉ ጊዜያት ናቸው። የክልል ምክር ቤት አባልዎን ሲያገኙ የማመልከቻዎን የገቢ ቁጥር ይስጡት፤ ባሕር ዳር ያለውን ቢሮ በስም ሳይሆን በቁጥር እንዲጠይቅልዎ፣ መልሱንም በጽሑፍ እንዲያመጣልዎ።